በጅማ ዙሪያ በዘር የሚወረሱ በሽታዎች፦ ሥጋት፣ መከላከልና ሕክምና

በጅማና በዙሪያዋ «የዘር ነው» የሚባሉ በሽታዎች አወራረሳቸውም መከላከያቸውም ለየቅል ነው። ዘር ከፍተኛ ድርሻ አለው ማለት በሽታው አይቀሬ ነው ማለት አይደለም፤ ለዚህ ዝሆኔ በቂ ማስረጃ ነው።

እዚህ ላይ ዝሆኔ ስንል በትንኝ ንክሻ የሚተላለፈውን ሳይሆን ፖዶኮኒዮሲስን ነው። ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሠሩ ሰዎችን ይይዛል፤ ደቃቅ የአፈር ቅንጣት በቆዳ ዘልቆ ትርፍ ፈሳሽን ከእግር የሚያነሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ይጎዳል። በወላይታ የተደረገ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እህት የመያዝ ዕድል ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ እንጂ እብጠቱ አይደለም፤ ከልጅነቱ ጫማ ያደረገ ሰው ከበሽታው ይድናል። ስለዚህ «ከዚያ ቤት አይጋቡም» ማለት ከንቱ ነው፤ ወንድማማቾች ዘርን ብቻ ሳይሆን ማሳውንም ይጋራሉ። ያበጠ እግር በየቀኑ በሳሙና ይታጠባል፣ ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ ይዘፈዘፋል፣ በጣቶች መሃል በደንብ ይደርቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል፣ ከዚያ ካልሲና ሽፍን ጫማ ይደረጋል። ብዙዎች የሚዘነጉት ማድረቁን ነው፤ በጣቶች መሃል እርጥበት ከቀረ ፈንገስ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁ ጀርም ይገባና እግሩ በትኩሳት ይነድዳል።

ሄሞፊሊያን፣ ማለትም ደም በአግባቡ የማይረጋበትን የዘር በሽታ፣ ጫማ አይከላከለውም። እናት ተሸካሚ (የበሽታውን ጂን የያዘች) ከሆነች እያንዳንዱ ወንድ ልጇ የመታመም ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ታማሚ አባት ለወንድ ልጁ አያስተላልፍም፣ ሴት ልጆቹ ግን ሁሉም ተሸካሚ ይሆናሉ። ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በግርዛት፣ ደሙ አልቆም ሲል ነው። በእናት ወገን ደም የሚፈሰው አጎት ካለ ሕፃኑ ሳይገረዝ ይመርመር። ዲክሎፌናክና አስፕሪን አይሰጡም፣ በጡንቻ መርፌ አይወጋም፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። በኪሎ 1 ዩኒት ፋክተር 8 (ደም የሚያረጋ ፕሮቲን) በደም ውስጥ ያለውን መጠን በ2 በመቶ ያነሳል፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን፣ ጉልበቱ ውስጥ ደም ለፈሰሰበት ልጅ 40 በመቶ ለመድረስ 400 ዩኒት ያስፈልጋል።

በሲክል ሴል (ቀይ የደም ሴሎች እንደ ማጭድ የሚታጠፉበት በሽታ) ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ሲሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም 25 በመቶ ሥጋት አለ፤ ከጋብቻ በፊት የሚደረግ የደም ምርመራ ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

ወባ ባለበት አካባቢ የጂ6ፒዲ፣ ማለትም ቀይ የደም ሴሎችን ከጉዳት የሚጠብቅ ኤንዛይም፣ እጥረት ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። እጥረቱ ያለበት ሰው እንደ ጤነኛ ይኖራል፤ ቫይቫክስ በሚባለው የወባ ዓይነት ተይዞ ፕሪማኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት ሲወስድ ግን ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈርሳሉ። የተለመደው መጠን በኪሎ 0.25 ሚሊ ግራም በየቀኑ ለ14 ቀን ሲሆን፣ እጥረቱ ላለበት በሐኪም ክትትል በኪሎ 0.75 ሚሊ ግራም በሳምንት አንዴ ለ8 ሳምንት ሊሰጥ ይችላል። ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።