ሞጁላር ሲንተሲስ ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ሠርግ ላይ ኦርጋን የሚጫወት ጓደኛ አለኝ። ኦርጋን የምንለው ያው ኪቦርዱን ነው። መሣሪያው በመቶ የሚቆጠሩ ድምፆች ተሞልተውለታል፤ ቫዮሊን፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ያሻችሁት። ቁጥሩን ይጫናል፣ ይጫወታል። አንድ ቀን ጣና ዳር ሻይ ይዘን ተቀምጠን "እኔ እኮ ቁጥር መራጭ ሆኛለሁ" አለኝ። "ድምፁ ቢሰለቸኝም ውስጡ ገብቼ ምን ላደርገው እችላለሁ?"

ውስጡ መግባት ይቻላል። መግቢያው ሞጁላር ሲንተሲስ ይባላል። ሲንተሲስ ማለት ድምፅን በኤሌክትሪክ መሥራት ነው።

ኪቦርዱ ተሠርቶ ያለቀ ድምፅ ነው የሚሰጣችሁ። ሞጁላር ግን ድምፅ የሚሠሩትን ክፍሎች ለየብቻ ነቅሎ ያስቀምጥላችኋል። እያንዳንዱ ክፍል ሞጁል ነው። አንዱ ሞገድ ያመነጫል። አንዱ ያጣራል። አንዱ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። አንዱ ደግሞ ጊዜ ይቆጥራል። እናንተ በገመድ ታገናኟቸዋላችሁ። ካላገናኛችሁ ምንም አይጮኽም። ተሰካክቶ ያለቀው ነገር፣ ከነገመዱ፣ ፓች ይባላል።

ይኼን ለጓደኛዬ ያስረዳሁት በማሲንቆ ነው። ጭራው ይንቀጠቀጣል፤ ሞገድ አመንጪው፣ ማለትም ኦሲሌተሩ፣ እሱ ነው። ጣት ጭራው ላይ ወጣ ወረድ እያለ ድምፁን ያቀጥናል፣ ያወፍራል። ደጋኑ ሲጠብቅ ድምፁ ይጎላል፣ ሲላላ ይከስማል፤ ይኼን አካሄድ በሞጁላር ቋንቋ ኤንቨሎፕ ይሉታል። ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን ደግሞ አንዳንዱን ድምፅ ያጎላል፣ አንዳንዱን ያፍናል። እሱ ፊልተር ነው። አዝማሪው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለሚያደርገው የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው አይታየንም። ሞጁላር ላይ ግን ተለያይተው ተዘርግተዋል። ስለዚህ የአንዱን እጅ ለሌላው ሳጥን መስጠት ትችላላችሁ።

በገናም የሚያስተምረን አለ። አውታሩና ብርኩማው መካከል የምትገባ ትንሽ ቆዳ አለች፣ እንዚራ የምትባል። ያቺ ዝዝዝ የሚለው የበገና ድምፅ የእሷ ሥራ ነው። እንዚራ ባለችበት አንድ አውታር ሲነካ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች አብረው ይወጣሉ። ኦሲሌተር ላይም የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ሞገድ አለ፤ እሱም እንዲሁ ይነዝራል። አብዛኛው ሰው ከዚህ ይጀምራል። ፊልተር የሚሠራው በመቀነስ ነውና መጀመሪያ የሚቀነስ ነገር መኖር አለበት። ለስላሳውን የሳይን ሞገድ ፊልተር ውስጥ ብትከቱት ድምፁ ከማነስ በቀር ብዙም የሚለወጥ ነገር አትሰሙም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ለእኔ የሞጁላር ምሥጢር ገመዱ አይደለም፣ በገመዱ ውስጥ የሚሄደው ነው። የሚሄደው ቮልቴጅ ብቻ ነው። ዜማውም፣ ምቱም፣ ድምፁ ራሱም ቮልቴጅ ነው። በብዛት የሚሠራበት ደንብ 1 ቮልት ሲጨመር ድምፁ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ፣ ይወጣል ይላል። 0 ቮልት የፒያኖው መካከለኛ ዶ ከሆነ፣ ማለትም በሴኮንድ 261.6 ንዝረት፣ 1 ቮልት እጥፉ ነው፤ 523.3 ገደማ። አንድ ኦክታቭ 12 ሰሚቶን (ከአንዱ የፒያኖ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው እርምጃ) ስለሆነ አንዱ ሰሚቶን 0.083 ቮልት ይደርሰዋል።

ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ ማንኛውንም ከማንኛውም ጋር ማገናኘት ይቻላል። በሴኮንድ 5 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ዝግ ያለ ሞገድ ውሰዱ። ኦሲሌተሩ ላይ ብትሰኩት ዘፋኝ ድምፁን እንደሚያርገበግበው ይሆናል። ነቅላችሁ ፊልተሩ ላይ ብትሰኩት ዋው ዋው ይላል። የተለወጠ ሞጁል የለም፤ የገመዱ ጫፍ ብቻ ነው የተዛወረው። ከዚያ ያንኑ ሞገድ ቀስ እያላችሁ አፍጥኑት። በሴኮንድ ከ20 ሲያልፍ መርገብገቡ ይጠፋና አዲስ ድምፅ ይወለዳል። ከበሮ በሴኮንድ 4 ጊዜ ቢመታ ምት ነው። 200 ጊዜ መምታት ቢቻል ግን ጆሯችን መቁጠሩን ትቶ አንድ ወፍራም ድምፅ ይሰማ ነበር። ምትና ዜማ የሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸውን እኔ የገባኝ አንድ ቀን፣ ሞጁሎቹን በሚያስመስል የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ አንዲት ማዞሪያ በማውስ ስጎትት ነው። ጓደኛዬ ግን "ይኼ ጄነሬተር ነው እንጂ ሙዚቃ ነው?" ብሎ ስቆብኛል።

ነገሩ ሲጀመር ሶፍትዌር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ ዳርቻ፣ በየፊናቸው ደረሱበት። ቦብ ሙግ መሣሪያው ላይ የፒያኖ ቁልፍ ገጠመበት። ዶን ቡክላ ደግሞ ነጭና ጥቁር ቁልፍ ካለ ሰው የለመደውን ብቻ ነው የሚጫወተው ብሎ ተወው። እኔ በዚህ ክርክር ከቡክላ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴን ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ። ዛሬ ብዙዎቹ ሞጁሎች የሚሠሩበትን መጠን ያስለመደው ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጀርመናዊው ዲተር ደፕፈር ነው። በነገራችን ላይ ሲንተሳይዘር ለእኛ ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዶ ቀድቷል።

የብረቱ ሞጁል ውድ ነው። አንዷ ብቻ በመቶ ዶላሮች ልትጠይቅ ትችላለች፤ አንዷ ብቻዋን ደግሞ ምንም አትሠራም። ለኛ ነገሩን የለወጠው አንድሩ ቤልት የሚባል ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ቪሲቪ ራክ ነው። መደርደሪያውን፣ ሞጁሉን፣ ገመዱን ሁሉ ስክሪን ላይ አምጥቶታል። ዋናው ፕሮግራም በነፃ ነው። በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ፓኬጅ እየቆጠርን ለምንኖር ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

የመጀመሪያ ቀን ግማሽ ሌሊት ያለ ድምፅ አሳልፌያለሁ። ኦሲሌተር አመጣሁ፣ ፊልተር ሰካሁ፣ ሞገዱ ስክሪኑ ላይ ሲጨፍር አያለሁ። ድምፅ የለም። ለካ ኦዲዮ የምትባለዋ ሞጁል ላይ የኔን ስፒከር አልመረጥኩም። ስመርጥ ደግሞ ቮልዩሙ እስከ ጫፍ ነበርና ቤቱ በጩኸት ተናጋ። የግቢው ውሻ አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኸ። ስለዚህ አዲስ ገመድ ከመሰካታችሁ በፊት ድምፁን ቀንሱ፤ በጆሮ ማዳመጫ ከሆነ አውልቁት። ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነ ድምፁ ሊንጣጣ ይችላል። ያኔ እዚያችው ኦዲዮ ላይ ብሎክ ሳይዝ የሚለውን ወደ 512 ወይም 1024 አሳድጉት። ዋጋው መዘግየት ነው፤ 1024 ላይ በተለመደው ቅንብር ቁልፉን ከነካችሁ በኋላ ድምፁ ከ20 ሚሊሴኮንድ በላይ ይቆያል። ቀጥታ ለመጫወት ይረብሻል፣ ለመቅዳት ግን ችግር የለውም።

ጓደኛዬን መጨረሻ ላይ የማረከው ፓች መቀባበሉ ነው። ዘፈን ከላክሁለት ይሰማል፣ በቃ። ፓች ከላክሁለት ግን ይከፍተዋል። የትኛው ገመድ ከየት ወደየት እንደሄደ፣ ማዞሪያው የት ላይ እንደቆመ ያያል። ፋይሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ በቴሌግራም ሽው ብሎ ይሄዳል። እሱም አንድ ገመድ ነቅሎ፣ ሌላ ሰክቶ ይመልስልኛል። እኛ ጎጃሞች ቅኔ ቤት እናውቃለን፤ አንዱ የቆጠረውን ሌላው ሳያፈርስና ሳያቀና አያድርም። የሞጁላር ሰውም ዓለም ላይ ጠባዩ ይኸው ነው። ፈረንሳይ ያለችው ኤሚሊ ዢሌ የሠራቻቸውን የብረት ሞጁሎች ኮድ ለሕዝብ ክፍት ስላደረገች ዛሬ እነዚያው ሞጁሎች ራክ ውስጥ በነፃ ይገኛሉ። ብቻ ፓች ስትቀባበሉ ሁለታችሁም ዘንድ ያሉት ሞጁሎች አንድ ዓይነት ይሁኑ። አለዚያ ግማሹ ባዶ ሆኖ ይከፈታል።

ከቡክላ ጋር ነኝ ያልኩበት ምክንያት ይኸውላችሁ። ባለፈው ሰሞን የአንቺሆዬን ቅኝት ላስገባ ሞከርኩ። ሲክወንሰር የሚባል ሞጁል አለ፤ ቮልቴጅ በተራ በተራ ይተፋል። አምስት ቦታ መድቤ 0፣ 0.083፣ 0.417፣ 0.5፣ 0.75 ብዬ ጻፍኩ። ኪቦርድ ላይ ዶ ብላችሁ ስትጀምሩ የሚገኘው አንቺሆዬ ማለት ነው። ማሲንቆ የሚገዘግዙ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ። ጠርቻቸው አሰማኋቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት ሦስት ዙር አዳመጡ።

"ሦስተኛዋ ቀጥናለች" አሉ። "ትንሽ አላላት።"

የሚላላ አውታር የለም፣ ቁጥር እንጂ። 0.417ን 0.41 አደረግኩት።

"ኧረ ገና ነች።"

0.40 ላይ ሳወርዳት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከፒያኖው ቁልፍ የሰሚቶን አንድ አምስተኛ ያህል ወርዳለች። በሁለት ቁልፎች መካከል ያለች ድምፅ ናት፤ ጓደኛዬ ኦርጋኑ ላይ ጣቱን ቢያስቀምጥ አያገኛትም።

"አሁን መጣች" አሉ ጋሼ፣ ወንበራቸውን ወደ ላፕቶፑ እየሳቡ። "በል አራተኛዋን አምጣት፣ እሷም አላማረችኝም።"