የጀርመን ግዛቶች የወርቅ ሳንቲሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጀርመን በ1871 አንድ አገር ከመሆኗ በፊት ነገሥታቱ፣ መሳፍንቱ፣ ጳጳሳቱና ነፃ ከተሞቹ ሁሉ የየራሳቸውን ወርቅ ያስቀርጹ ነበር። ስለነዚህ ሳንቲሞች የሚወራው ግን ብዙው የተሳሳተ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«የባቫሪያ ንጉሥ ምስል አለበት፤ ስለዚህ ከውህደቱ በፊት የተሠራ ነው።»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የባቫሪያ፣ የሳክሶኒና የቩርተምበርግ ነገሥታት ከውህደቱ በኋላም ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። በ10 እና በ20 ማርክ ወርቅ ላይ ምስላቸው መውጣቱ ቀጥሏል። ሳንቲሙን ገልብጡት። ንስርና «ዶይቸስ ራይሽ» (የጀርመን ኢምፓየር) የሚል ጽሑፍ ካለበት ከ1871 ወዲህ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ዱካት፣ ጎልድጉልደን፣ የፕሩሺያው ፍሬድሪሽ ዶርና የመሳሰሉት የወርቅ ሳንቲሞች ናቸው።

«የተጻፈበት ዓመት የተቀረጸበት ዓመት ነው።»

ሁልጊዜ አይደለም። የኑረምበርግ ከተማ ሉል ላይ የቆመ፣ ባንዲራ የያዘ በግ ያለበት ዱካት ነበራት። 1700 ተጽፎበታል፤ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ያው 1700 እየተጻፈበት ተቀርጿል። በነገራችን ላይ የዱካት 1/32ኛ የሆነችው ትንሿ ሳንቲም ክብደቷ 0.11 ግራም ገደማ ነው። ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም፣ በጉ ግን አለባት!

ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት የማርያ ቴሬዛ ብር ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም 1780 እንደተጻፈበት ነው ሲቀረጽ የኖረው። ከምስሏ ስር ያሉት ኤስ እና ኤፍ ፊደላት ደግሞ የጉንዝቡርግ ገንዘብ ማምረቻ ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው። ጉንዝቡርግ ዛሬ ባቫሪያ ውስጥ ናት።

«ወርቁ በሙሉ ከውጭ የመጣ፣ ንጹህ 24 ካራት ነው።»

እኔ በጣም የምወዳቸው ሳንቲሞች ይህን ያፈርሱታል። ባቫሪያ ከዳኑብ፣ ከኢንና ከኢዛር ወንዞች አሸዋ ታጥቦ በወጣ ወርቅ ዱካት አስቀርጻለች። በላቲን «ከዳኑብ ወርቅ» እያለች የወንዙን ስም ጽፋበታለች። ፋልስ በተባለው የራይን ወንዝ አካባቢ ግዛት ዱካት ላይ ደግሞ የማንሃይም ከተማ ትታያለች፤ ጽሑፉም «የራይን ዳርቻዎች እንዲህ ያበራሉ» ይላል። የባደን ግዛት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ምንም ሳትደብቅ «ከራይን አሸዋ፣ 22 ካራት ከ6 ግሬን» ብላ ጻፈች። 12 ግሬን አንድ ካራት ስለሆነ 22 ተኩል ካራት ማለት ነው። የተለመደው ዱካት ከዚህ ከፍ ይላል፤ 98.6 በመቶ ወርቅ ነው። እሱም ቢሆን 24 አይሞላም።

«ሰው ገበያ የሚወጣው በወርቅ ነበር።»

የዕለት ተዕለት ገንዘቡ ከብር የተሠራ ሳንቲም ነበር፤ ትልቁ ታለርና ትንሹ ግሮሸን።

«ያረጀ ሁሉ ብርቅ ነው።»

በ1857 የቪየና ስምምነት 10 ግራም ንጹህ ወርቅ ያለው «ክሮነ» የሚባል የጋራ ሳንቲም መጣ። ከታለሩ ጋር ቋሚ ምንዛሪ ስላልነበረው ነጋዴው አልለመደውም። ትንንሾቹ ግዛቶች ያወጡት ጥቂት ነው። ዕድሜያቸው ቢያንስም እነዚያን ማግኘት ከ1700ው የበግ ዱካት ይልቅ ይከብዳል።