«ሦስተኛዋ ሮም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ስለ ሩሲያ በተወራ ቁጥር «ሦስተኛዋ ሮም» የሚል ቃል ይነሳል። ብዙ ሰው «ሞስኮ ዓለምን ልገዛ ነው ያለችበት ነው» ብሎ ይረዳዋል። መነሻው ግን እንደዚያ አይደለም።

ነገሩ የአደራ ጉዳይ ነው። አባት ሲሞት ቤቱን ለትልቁ ልጅ አደራ ሰጠ እንበል። ትልቁ አደራውን ሲበላ ለመካከለኛው አለፈ። እሱም ሲወድቅ ለትንሹ ደረሰ። ከትንሹ በኋላ ሌላ ልጅ የለም። እሱ ከጣለው አለቀ። በሩሲያ መነኮሳት ዓይን ሮም ከቀናው ሃይማኖት ወጥታለች። «ሁለተኛዋ ሮም» የምትባለው ቁስጥንጥንያም እ.ኤ.አ. በ1453 በኦቶማን ቱርኮች እጅ ወድቃለች። የቀረችው ሞስኮ ናት።

ይህን የጻፈው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበረ ፊሎፌይ የሚባል የፕስኮቭ መነኩሴ ነው። ሁለቱ ሮሞች ወደቁ፣ ሦስተኛዋ ቆማለች፣ አራተኛ አይኖርም ይላል። የሚገርመው፣ ይህን ያለው ኮከብ ቆጣሪዎችን ለመሞገት በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ነው! ለእኔ ከኩራቱ ይልቅ ፍርሃቱ ነው ጎልቶ የሚሰማኝ።

እስከዚህ ያለው እርግጥ ነው። የሚለያየው አጠቃቀሙ ነው። በ1589 የሞስኮ ፓትርያርክነት ሲመሠረት ሐሳቡ ሰነዱ ውስጥ ገባ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሩሲያ ከምዕራቡ የተለየ ተልእኮ አላት የሚሉ ሰዎች አንስተው ለፖለቲካ አዋሉት። ፈላስፋው ቭላድሚር ሶሎቪዮቭ ግን በ1894 በጻፈው ግጥም ሦስተኛዋንም ሮም ትቢያ ላይ ወድቃ ነው ያሳየን።