«ህንፃ ነበረበት እኮ!» እና ሌሎች ስለተዘጋ የገበያ ማዕከል የምንሰማቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የተዘጋ ወይም ግማሹ የተዘጋ የገበያ ማዕከል ያላቸው ባለአክሲዮኖች እየመጡ ያማክሩኛል። አፍርሰን አዲስ እንስራ ይላሉ። ወይ አድሰን ፎቅ እንጨምር ይላሉ። «የአፈር ምርመራው የታለ?» ስላቸው መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ህንፃ ነበረበት እኮ!» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። በደንብ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ቀለል ያሉትን ላንሳ።

«በሊዝ የያዝነው ነው፤ የፈለግነውን እንሰራበታለን።» አይቻልም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እናንተ የያዛችሁት የመጠቀም መብት ነው፤ እሱም ውሉ ላይ ለተጻፈው አገልግሎት። ሱቁን ክሊኒክ ወይም መኖሪያ ልታደርጉት ካሰባችሁ አርክቴክት ከመቅጠራችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሂዱና የከተማው ፕላን ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ።

«ሞሉ የሞተው ደሴ ገበያ ስለሌላት ነው።» ሰኞ ገበያን ያየ ሰው እንዲህ አይልም። መንገድ ዳር ያለው ሱቅ ይሸጣል፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ደንበኛ ሲጠብቅ ይውላል። እታች የሚያገኘውን ጫማ ፍለጋ ደረጃ የሚወጣ ሰው የለም። ስለዚህ ያንኑ ሞል አፍርሶ ያንኑ ሞል መትከል ገንዘብ መጣል ነው። አሜሪካ ኦስቲን ውስጥ በ1971 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሃይላንድ የሚባል ሞል ነበር። ገበያው ሲርቀው የከተማው ኮሌጅ ወሰደው፤ ዛሬ ተማሪ ይማርበታል። ላይኛው ፎቅ ሱቅ ብቻ ይሁን ያለ የለም።

«ማፍረስ ይቀላል።» ፍርስራሹ ስንት ቢያጆ እንደሚወጣውና የት እንደሚደፋ አስልታችሁ ንገሩኝ።

አሁን ወደ ዋናው። ደሴ በጦሳ ሥር፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በብዙ ቦታ ከላይ ተንሸራቶ የወረደ አፈርና ድንጋይ ተከምሮባታል። ከሥሩ የበሰበሰ ድንጋይ አለ። በመሃል ውሃ ይሄዳል። በዶሮ መዝለያ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው የመሬት መንሸራተት ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

ተዳፋት ላይ ሰፊ ህንፃ ሲሰራ ከላይ በኩል ይቆረጣል፣ የተቆረጠው አፈር ከታች በኩል ይሞላል። ሲያዩት ሜዳ ይመስላል። የህንፃው ግማሽ ግን ጠንካራ መሬት ላይ፣ ግማሹ ሙሌት ላይ ነው። ሙሌቱ ቀስ እያለ ይሰጥማል፤ ሌላው ባለበት ይቀራል። ህንፃው መሃሉን የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። አሮጌው ህንፃ አልወደቀም ማለት መሬቱ ያንን ክብደት፣ በዚያ ቦታ፣ እስከ ዛሬ ችሏል ማለት ብቻ ነው። ሁለት ፎቅ ስትጨምሩ ክብደቱ ሌላ ነው። አዲሱን ህንፃ አሥር ሜትር ወደ ታች ስትገፉት መሬቱም ሌላ ነው።

ከባለአክሲዮኖቹ አንዱ፣ በዕድሜ የገፉ ሐጂ፣ «ልጄ፣ ሃያ ዓመት ህንፃ የተሸከመ መሬት ደግሞ ምኑ ይመረመራል?» አሉኝ። መከራከር አልፈለግኩም። «ይምጡ ሐጂ፣ ወደ ጓሮ እንዙር» አልኳቸው። ከኋላ ያለው የድጋፍ ግንብ ሆዱን ነፍቷል። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ አንዱ በፌስታል፣ ሌላው በሲሚንቶ ተደፍኗል። ጊዜው ግንቦት ነው፤ ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል። ከግንቡ ሥር ግን ለምለም ሳር በቅሏል። ግንቡ ላይ ስንጥቅ አለ። ግንቡ ከተንቀሳቀሰ እንዲያሳብቅ ስንጥቁ ላይ ጄሶ ለጠፍኩና ቀኑን በማርከር ጻፍኩበት። በመስከረም ተመልሰን ስናየው ጄሶው ከመሃል ለሁለት ተከፍሏል። ሐጂ ጥፍራቸውን አስገቡበት። ትንሽ ዝም ብለው፣ «ይሄ ሁሉ እኛ ቁጭ ብለን ዲዛይን ስናማርጥ ነው?» አሉ።

አዎ፣ ያኔ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥም አለ። በ1953 ዓ.ም ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ካራ ቆሬን የመታው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል። ያለንበት አካባቢ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። የቆየ ህንፃ ኮለንና መሠረት የተሰላው በዘመኑ ደንብ ነው፤ ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል። በአሮጌ ስሌት ላይ ፎቅ አትጨምሩ።

ምን ይደረግ? ቢያንስ ሦስት ቦታ አስቆፍሩ፦ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። ሙሌቱ አልቆ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ይውረድ። ጉድጓዱን ወዲያው አትድፈኑት፤ የተበሳሳ ቱቦ አስገቡበትና ክረምቱን ሙሉ በየሳምንቱ የውሃውን ከፍታ ለኩ። በጥር ደረቅ የነበረ ጉድጓድ በነሐሴ ውሃ ሊሞላ ይችላል። በበጋ ብቻ ለክቶ ሪፖርት የሚያስረክባችሁን ባለሙያ ገንዘብ አትክፈሉት። የድሮውን ፕላን ፈልጉ፤ የቱ ጋ እንደተቆረጠና የቱ ጋ እንደተሞላ ያሳያችኋል።

ዘበኛውንም ጠይቁት። የሐጂን ህንፃ የሚጠብቁት ጋሼ ውሃው በክረምት ሌሊት በየት ጥግ እንደሚገባ በዱላቸው ጠቁመው አሳዩኝ። በፕላኑ ላይ እዚያ ምንም የለም። ሦስተኛውን ጉድጓድ እዚያ አስቆፈርኩት። አራት ሜትር ላይ ውሃ አገኘን።