የቅይጥ ሥልጠና «ወጪ ቆጣቢነት» ምንድን ነው?

«አዳራሽ አንከራይም፣ ውሎ አበል አንከፍልም፤ ስለዚህ ቅይጥ ሥልጠና ወጪ ቆጣቢ ነው።» ይህን አባባል ደሴ ላይ በሚደረጉ የሥልጠና ዕቅድ ስብሰባዎች ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ባለፈው ሰሞን አንድ ተናጋሪ ያለ ምንም ማብራሪያ ሲደግመውና ተሰብሳቢውም በጭብጨባ ሲቀበለው ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቅይጥ ሥልጠና ማለት ንባቡንና ቪዲዮውን ሠልጣኙ ባለበት ሆኖ፣ የተግባር ልምምዱን ደግሞ ከአሠልጣኝ ጋር በአካል የሚከታተልበት ዘዴ ነው። ተናጋሪው የገለጸው የበጀት መቀነስን እንጂ ወጪ ቆጣቢነትን አይደለም። ወጪ ቆጣቢነት የሚታወቀው የወጣው ብር ከተገኘው ውጤት ጋር ሲመዛዘን ነው፤ የጤና ሥልጠና ውጤት ደግሞ ሞጁሉን የከፈተ ወይም ምስክር ወረቀት የወሰደ ሰው ብዛት ሳይሆን፣ የሠለጠነበትን ሥራ በታካሚ ፊት በትክክል መሥራት የቻለ ባለሙያ ብዛት ነው።

እንጀራ የጋገረ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ምጣዱ እስኪግል የሚነደው እንጨት ለሁለትም ለሠላሳም እንጀራ ያው ነው፤ ልዩነቱ ለሠላሳ ሲካፈል ማነሱ፣ ለሁለት ሲካፈል መብዛቱ ነው። ይዘቱን መጻፍ፣ ቪዲዮ መቅረጽ፣ ወደ አማርኛ መመለስና ሥርዓቱን መጠገን እንዲሁ ሠልጣኝ በዛም አነሰም የማይቀር ቋሚ ወጪ ነው። ለማስረዳት ብቻ ቁጥር ልውሰድ። ሞጁል ማዘጋጀት 600,000 ብር፣ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሠልጣኝ 4,000 ብር፣ በአዳራሽ ብቻ ማሠልጠን ደግሞ ለአንድ ሰው 9,000 ብር ይፍጅ እንበል። የ5,000 ብሩ ልዩነት የዝግጅቱን ወጪ የሚመልሰው 120 ሰው ሲሠለጥን ነው፤ ከዚያ በታች ላለው የአንድ ወረዳ ሠልጣኝ አዲስ ሞጁል ማዘጋጀት ከአዳራሹ ይልቅ ውድ ይሆናል።

ሠልጣኙ 200 ቢሆንስ? በአዳራሽ 1,800,000 ብር፣ በቅይጥ 1,400,000 ብር ይወጣል፤ ተናጋሪው ስሌቱን የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን በአዳራሽ ከሠለጠኑት 160 ሰዎች የተግባር ምዘናውን ቢያልፉ፣ በቅይጥ ከጀመሩት ደግሞ ብዙዎቹ መሃል ላይ አቋርጠው 100 ብቻ ቢያልፉ፣ አንድ ብቁ ባለሙያ በአዳራሽ 11,250 ብር፣ በቅይጥ 14,000 ብር አስወጣ ማለት ነው። በጠቅላላ ሒሳቡ ርካሽ የሆነው በውጤቱ ውድ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሮቹ ቢቀያየሩ ቅይጡ ሊያሸንፍ እንደሚችል አልክድም፤ እኔም ዘዴውን የምደግፍ ሰው ነኝ፤ የምቃወመው ወጪውን ለብቁ ባለሙያዎች ብዛት ማካፈሉ ሳይሠራ ፍርድ መሰጠቱን ነው።

ሊጡ ምንም ያህል በደንብ ቢቦካና አብሲቱ ቢሰምር እሳት ሳይነካው እንጀራ አይሆንም። አንድ ጊዜ ደጋ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ አንዲት አዋላጅ ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃንን ስለማስተንፈስ የሚያስረዳውን ቪዲዮ በታብሌት ስትከታተል አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ራሱ መተንፈስ ወይም በአምቡ ባግ (ጭንብል ባለው፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) መታገዝ እንዳለበት አንድም ቃል ሳትስት ነገረችኝ። አምቡ ባጉን አንስታ በአሻንጉሊት ላይ እንድትሞክር ስጠይቃት ግን ጭንብሉ ፊቱ ላይ ስላልገጠመ አየሩ በአገጩ በኩል ያመልጥ፣ ደረቱም ከፍ አይል ነበር። አሠልጣኝ እጇን ይዞ የአገጩን አያያዝ ቢያስተካክልላት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ከቅይጡ ውስጥ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው ግን ይኸው የተግባር ቀን ነው፤ ያን ጊዜ የቀረው ሊጥ ብቻ ነው። ሊጥ ደግሞ ሲቆይ ይሆመጥጣል፤ የሕክምና መመሪያ በተሻሻለ ቁጥር ሞጁሉም መታደስ ስላለበት፣ የዝግጅቱ ወጪ ሞጁሉ ለሚያገለግልባቸው ዓመታት መከፋፈል፣ የእድሳቱም ወጪ መታከል ይገባዋል።

ትክክለኛው ቁጠባ ያለው ከአዳራሽ ኪራይ ይልቅ በቀናት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለተቀናጀ የሕፃናት ሕመም አያያዝ ያዘጋጁት መደበኛ ኮርስ 11 ቀን ይወስዳል፤ ከወግዲ ወደ ደሴ ለምትመጣ ነርስ የመንገዱ ጊዜ ሲጨመርበት በዚያ ሁሉ ቀን የእሷ ክፍል ሠራተኛ ያጣል። በዚህ ምክንያት አገልግሎት የሚቀርበት ታካሚ ከየትኛውም ደረሰኝ ላይ ስለማይገኝ ዕቅድ አውጪዎች ይረሱታል። ዋጋውም በየቀኑ እኩል አይደለም፤ የባቲ ገበያ በሚቆምበት ሰኞ ከጤና ጣቢያው አንድ ሰው መጉደል ከሌላው ቀን ይልቅ ይከብዳል። ንባቡ በጤና ጣቢያው ተጠናቆ ለተግባሩ ብቻ ጥቂት ቀን ከተማ መምጣት ይህን ኪሳራ ስለሚቀንስ፣ ለቅይጥ ሥልጠና መሟገት ያለብን በዚህ ነው።

ቅይጥ ማለት የግድ ታብሌትና ኢንተርኔት ማለትም አይደለም። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደረጃ ማሻሻያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲና ከአፍሪካዊው የጤና ድርጅት ከአምሬፍ ጋር ያዘጋጃቸው ሞጁሎች በወረቀት ታትመው ከተግባር ልምምድ ጋር የሚሰጡ ነበሩ። ኔትወርክ በሚጠፋበት ወረዳ ይህ አማራጭ በስሌቱ ውስጥ ሊነጻጸር ይገባል።

ስለ ውሎ አበልም አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ በወጪ ተንታኞች ሙያ ወጪ ከመቆጠሩ በፊት «ከማን ኪስ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከምግብና ከማደሪያ ተርፎ ሠልጣኙ እጅ የሚገባው አበል ሥልጠናውን ለሚያዘጋጀው ጽሕፈት ቤት ወጪ ቢሆንም፣ ለአገር ግን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው የተዛወረ ገንዘብ ነው፤ ሲቀር የሠራተኛው ገቢ ይቀንሳል እንጂ ሀብት አይፈጠርም። ያቺ አዋላጅ ቪዲዮውን ያወረደችው በራሷ የሞባይል ዳታ፣ የተከታተለችውም ከሌሊት ተረኛነት በወጣችበት የዕረፍት ቀኗ ነበር። የዳታው ዋጋና በደመወዟ የሚሰላው የዕረፍት ሰዓቷ በዕቅዱ ሰንጠረዥ ውስጥ አንድ አንድ መሥመር ያስፈልጋቸዋል።