«ላጲስ ነበራቸው?»

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ኅዳር 26 የአባታችንን የአቡነ ኢየሱስ ሞዓን በዓል አክብረን ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወደ ደሴ ስመለስ ልቤ አዝኖ ነበር። ገድላቸው ሲነበብ ግማሾቻችን ስልክ ቀስረን እንቀርፃለን፤ ልጆቻችን እግራችን ሥር አፈር ይጭራሉ። የሚነበበው ለእነርሱም መሆኑን ማን ነገራቸው?

ማታ የሰባት ዓመት ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ገድላቸውን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አባታችን በደብረ ዳሞ ገዳም፣ በአበምኔቱ በአባ ዮሐኒ ዘንድ ሳሉ መጻሕፍት ይጽፉ እንደነበር የሚናገረው ጋ ስደርስ ተአምሩ ላይ ቶሎ ልድረስ ብዬ ቸኮልኩ። ልጄ እጄን ያዘኝ። «አባዬ፣ ሲሳሳቱስ? ላጲስ ነበራቸው?»

ብራና ላይ በመቃ ብዕር እንደሚጻፍ፣ ፊደል ሲበላሽም ጸሐፊው ቆዳው እንዳይበሳ ተጠንቅቆ በቢላ ጫፍ ቀስ እያለ እንደሚፍቀው ነገርኩት። ተነሥቶ ደብተሩን አመጣና በላጲስ ብዛት የተቀደደ ገጹን አሳየኝ። ያን ገጽ ዘልዬው ቢሆን ኖሮ!

ሐዋርያው «የኑሮአቸውንም ፍሬ እየተመለከታችሁ በእምነታቸው ምሰሉአቸው» ይለናል (ዕብ. 13፥7)። ኑሮአቸውን ነው ያለው፤ ጎንበስ ብለው የጻፉትን፣ የጾሙትን፣ የደከሙትን። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመጻሕፍትና የመምህራን ቤት የሆነው በዚያ ድካም ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንኳ እዚያ መጥተው ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ተምረዋል።

ወገኖቼ፣ ገድሉን በጨርቅ ጠቅልለን የምናስቀምጠው ልጅ ሲታመም ልናሻሸው ብቻ ነው? መታሸቱን አልነቅፍም፣ በረከት አለው። የልጁ ጆሮ ግን ጦሙን ያድራል። የምናነብለትም ብንሆን አንዳንዶቻችን ገድሉን ዱላ አድርገነዋል፦ «አየህ፣ እሳቸው በልጅነታቸው እንዲህ ነበሩ፤ አንተ ግን...»። ተዉ፣ በእግዚአብሔር! ልጁን ከቅዱሳን ጋር አታጣሉት።

ፊደል ያልቆጠርሽ እናቴ፣ አንቺ አትዘኚ። ልጅሽ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እሱ ያንብብልሽ። ሲንተባተብ ታገሺው፤ ያልገባሽን ጠይቂው፤ እሱም ያላየውን ያያል።

ነገ ማታ እኛ ቤት ተራው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሐይቅ የመጡበት ነው። ልጄ ከአሁኑ እርሳሱን ቀርጾ ገጹ መካከል አስቀምጦታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።