«ሁለት ቀን ተምሬ ታፔላዬን ራሴ እሠራለሁ» ለምትሉኝ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ የኒዮን ቱቦ፣ ማለትም ታፔላ ላይ የሚበራውን የመስታወት ቱቦ፣ በእሳት እያለሰለስኩ እያጠፍኩ ነው የምኖረው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ጀማሪዎች ሲማሩ አጠገባቸው ቆሜ አግዛለሁ። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምሳ በበላሁ ቁጥር አንድ ሰው ይይዘኛል። «ወንድሜ፣ ያ ነገር ቀላል አይደል?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ማስረዳት ሰልችቶኛል። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ሰው ስለ ኒዮን ከሚለኝ የተሳሳተ ነገር ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልጨርስ።

«የላስ ቬጋስ ፈጠራ ነው።» የፓሪስ ነው። ጆርጅ ክሎድ የሚባል ፈረንሳዊ በፈረንጆቹ 1910 የመኪና ኤግዚቢሽን ላይ አብርቶ አሳየ።

«ቀለም ያለው መብራት ሁሉ ኒዮን ነው።» ኒዮን ጋዝ ነው፤ የሚያበራውም ቀይ ብርቱካናማ ብቻ ነው። ሰማያዊው አርጎን የሚባል ሌላ ጋዝና የሜርኩሪ ጠብታ ነው። አረንጓዴውና ሮዙ ብዙውን ጊዜ ከቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ከተቀባ ዱቄት ይመጣል። ኦንላይን በርካሽ ያዘዛችሁት ደግሞ ፕላስቲክ ውስጥ የተደረደረ ኤልኢዲ ነው። አልጣላውም፣ ያምራል። ግን በመቀስ የሚቆረጥ ነገር ኒዮን አይደለም።

«ጋዙ መርዝ ነው።» ኒዮንም አርጎንም አሁን በምትተነፍሱት አየር ውስጥ አሉ። መርዙ ሜርኩሪው ነው። ሰማያዊ ቱቦ ከተሰበረባችሁ መስኮት ክፈቱ፤ በኤሌክትሪክ መጥረጊያ ግን አትንኩት።

«እሳቱ ያቃጥለኛል።» እሳቱንማ ሁሉም ስለሚያየው ይጠነቀቃል። የሚያቃጥለው ከእሳት የወጣው መስታወት ነው። የጋለና የቀዘቀዘ መስታወት መልካቸው አንድ ነው። መዳፌ ላይ ያለው ጠባሳ ራሴ አስቀምጬው፣ ስልክ አንስቼ ስመለስ መልሼ የጨበጥኩት ቱቦ ነው።

«ዋናው ትንፋሽ ነው።» ይህቺ ትንሽ ታናድደኛለች። ሥራውን ከብርጭቆ መንፋት ጋር ያምታቱታል። እኛ ከምድጃ የቀለጠ መስታወት አናወጣም። 1.2 ሜትር አካባቢ የሆነ ቱቦ ተዘጋጅቶ ይመጣልናል። አንዱን ጫፍ በቡሽ እንደፍናለን፣ ሌላው ላይ ቀጭን ጎማ እንሰካለን፣ የጎማውን ጫፍ አፋችን ውስጥ እንይዛለን። ቱቦው ሲታጠፍ እንደ ተረገጠ ጎማ ይሟሽሻል። ያኔ እፍ ስንል ወደ ክብነቱ ይመለሳል። በቃ፣ የትንፋሹ ሥራ ይኸው ነው። አንድ ሳክስፎን የሚጫወት ልጅ «እኔማ ሳንባ አለኝ» ብሎ ገባ። የመጀመሪያው ቱቦ እንደ ፊኛ ተነፋና ጷ አለ። ሻይ ከምታበርዱበት እፍታ ያነሰ ነው የሚፈለገው።

አሁን ወደ ዋናው። «ሁለት ቀን ተምሬ የቡና ቤቴን ታፔላ ራሴ እሠራለሁ።»

ይህን ያለኝ ሰው በዕድሜ ይበልጠኛልና ጋሼ ነው የምለው። ጎበዝ ነጋዴ ነው። ሊጽፍ የፈለገው «ቡና» የሚል ነው። «ሁለት ፊደል ናት፣ ምን ችግር አላት?» አለኝ።

በሁለት ቀን ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ቱቦውን እሳቱ ላይ ይዛችሁ በሁለት እጃችሁ ታሽከረክሩታላችሁ። ሁለቱም እጆች እኩል መዞር አለባቸው። ቀኝ እጅ ከቀደመ መስታወቱ እንደ ጨርቅ ይጠማዘዛል። እንደ በሰለ ፓስታ ሲልፈሰፈስ ከእሳቱ ታወጡታላችሁ። ልብ በሉ፣ ታወጡታላችሁ። ጀማሪ ሁሉ እሳቱ ውስጥ እያለ ሊያጥፈው ይሞክራል፤ እዚያው ይቀጥንና ይበላሻል። ካወጣችሁ በኋላ ያላችሁ ጥቂት ሰከንድ ነው። በዚያች ሰከንድ ወረቀቱ ላይ ያለውን መስመር ማግኘት፣ ማጠፍ፣ እፍ ማለት፣ ማስተካከል። ሥዕሉም የተገለበጠ ነው፤ የፊደሉ ፊት ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ስለሚሠራ ሁሉን ነገር በመልክ ማያ መስታወት እንደሚታይ አድርጋችሁ ታያላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ማንም ምንም አይጽፍም። ዘጠና ዲግሪ ማጠፍ ብቻ ነው። ከሰዓት ላይ ባልዲው በስብርባሪ ይሞላል። የኔም እንደዚያው ነበር።

ወደ ጋሼ ፊደል እንመለስ። «በ»ን ውሰዱ። ከግራ እግር ወደ ላይ፣ እጥፍ፣ ወደ ጎን፣ እጥፍ፣ ወደ ታች። ሁለት እጥፋት። አሁን «ቡ» አድርጓት። ቱቦ ቅርንጫፍ አያወጣም። ስለዚህ የቀኝ እግር መሃል ላይ ስትደርሱ ወደ ውጭ ታጥፋላችሁ፣ ጫፉ ላይ ሙሉ በሙሉ ትመለሳላችሁ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ታች። አምስት እጥፋት ሆነች። በእስክሪብቶ አንዲት ጭረት ናት፤ በመስታወት ሦስት እጥፋት ታስከፍላለች። ከመሃል አንዷ ከተበላሸች ያለፉትም አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ ከ«ቡ» ወደ «ና» የሚሻገረው ቱቦ በጀርባ በኩል አልፎ ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ካልተቀባ ሁለቱ ፊደላት ተያይዘው ይነበባሉ።

ይህ ሁሉ ማጠፍ ብቻ ነው። ገና አልበራም። ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩ ወደ ቱቦው የሚገባበት ጫፍ) ይበየዳል፣ አየሩ ይመጠጣል፣ በከፍተኛ ኤሌክትሪክ ቱቦው ከውስጥ ይጸዳል፣ ከዚያ ጋዙ ይገባል። ተሰቅሎ ሲበራ እንኳ ትራንስፎርመሩ እስከ 15,000 ቮልት ሊሰጥ ይችላል። ይህን የጀማሪ ክፍል ውስጥ አስተማሪው ነው የሚሠራው፤ ተማሪ እጁን ኪሱ ከትቶ ያያል። ቪዲዮ አይቶ ጋራዡ ውስጥ የሚሞክር ካለ እባካችሁ አስቁሙት።

ተማሩ ግን። አትሂዱ አላልኩም። እዚህ ግሌንዴል ያለው የኒዮን ጥበብ ሙዚየም ያስተምራል፤ ኒውዮርክ አካባቢ ላላችሁ ብሩክሊን ውስጥ ኧርባን ግላስ አለ። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ በርነር (እሳቱ የሚወጣበት ማንደጃ) ለስንት ሰው እንደሆነ ጠይቁ። ለአራት ሰው አንድ ከሆነ ቀኑን ተራ ስትጠብቁ ትውላላችሁ። ስንት ቱቦ እንደሚሰጣችሁም ጠይቁ፤ የምትማሩት በምትሰብሩት ልክ ነው። የጥጥ ልብስ ልበሱ፣ ናይለን ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ፀጉራችሁን እሰሩ። ጥፍሯን ተሠርታ የመጣች ልጅም ነበረች፤ የሷን ሌላ ጊዜ።

ጋሼ ሁለቱን ቀን ጨረሰና ዝም ብሎ ሄደ። ተቀየመኝ ብዬ ነበር። አሁን ሦስተኛ ዙር ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ «በ» ወጣችለት፤ ጋዝም የላትም፣ አትበራም፣ ቡና ቤቱ ባንኮኒ ላይ አቁሟታል። ጭረቷ ገና ናት።